የጀልባ ላሜራ በብየዳ እንዳይጣመም ምን ይሻላል? ለጣና ዳር ሠሪዎችና አሠሪዎች የዘዴዎች ንጽጽር

ባሕር ዳር ላይ የብረት ጀልባ የሚያሠራ ሰው ከወርክሾፑ ጋር ሲደራደር የሚጠይቀው ስለ ላሜራው ውፍረት፣ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ማስረከቢያው ቀን ነው። ብየዳው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ፣ ላሜራው በምን እንደሚያዝ፣ ከተጣመመም በምን እንደሚቃና የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። ጀልባው ቀለም ተቀብቶ የጠዋት ፀሐይ በጎኑ ስታርፍበት ግን በየፍሬሙ (ላሜራውን ከውስጥ በሚይዘው የብረት አጥንት) መሃል የተሰረጎደው ላሜራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ምክሩ ይበዛል። አንዱ «በብረት ወጥራችሁ መያዝ ነበረባችሁ» ይላል፤ ሌላው «እየዘለላችሁ ብትበይዱት ኖሮ»፤ ሦስተኛው «ሲኦቱ ማሽን ግዙ» (በመከላከያ ጋዝ ሥር በሽቦ የሚበይደውን ማለቱ ነው)፤ አራተኛው «ግድ የለም፣ በእሳት ይቃናል»።

አራቱም እውነት አላቸው፤ የሚፈቱት ችግር ግን አንድ አይደለም። ይህ መመሪያ ከ10 እስከ 20 ሜትር ለሚረዝሙ፣ ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር ላሜራ ለሚለብሱ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልሱ ጀልባዎች የታሰበ ነው። ዘዴዎቹን የምመዝናቸው በሐይቁ ዳር በሚገኝ አቅም ነው፤ በሚቆራረጥ መብራት፣ ከሰዓት በኋላ በሚነሣ ነፋስ፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በሚመጣ ዕቃ።

ቅርጽና ውጥረት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው

ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በየሜትሩ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ብየዳው የሚያርፍበት መስመር 1500 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ሲቀልጥ አጠገቡ ያለው ላሜራ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲረዝም አይፈቅድለትም፤ የጋለው ብረት መሄጃ ሲያጣ በራሱ ላይ ይታመቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ርዝመቱ አጥሮ ሊቀመጥ ይፈልጋል፤ አሁንም ዙሪያው ይከለክለዋል። ከዚህ ትግል ከፊሉ በእንቅስቃሴ ይወጣል፤ ላሜራው ያጥራል፣ ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል። በእንቅስቃሴ ያልወጣው ብረቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ቀሪ ውጥረት የምንለው ይህንን ነው።

ተራው የመርከብ ብረት ተለጥጦ ወደ ነበረበት የማይመለስበት ወሰኑ 235 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ) ነው። ከሁለት ወገን ጠብቆ የተያዘ ብረት እዚህ ወሰን ለመድረስ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ለውጥ ይበቃዋል፤ ብየዳ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያሞቀዋል። ስለዚህ ማንኛውም ብየዳ በመስመሩ ላይ ወሰኑን የተጠጋ የመሳብ ውጥረት ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ደግሞ ይህን የሚያመዛዝን ጭመቃ ይኖራል። ስስ ላሜራን የሚያሰረጉደው ጭመቃው ነው፤ ክሩ በርትቶ የተጎተተ የቀሚስ ጠርዝ እንደሚኮማተር ማለት ነው።

ላሜራ ሳይሰረጉድ ጭመቃን የመቻል አቅሙ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፣ ከፍሬሞቹ ርቀት ካሬ ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ፍሬሞቹ በ500 ሚሊሜትር ርቀት ቢቆሙ በቀላል ስሌት የ4 ሚሊሜትር ላሜራ 48 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ይሰረጉዳል፣ የ5ቱ 75 ላይ፣ የ6ቱ 107 ላይ። ያንኑ የ4 ሚሊሜትር ላሜራ ይዘው ፍሬሞቹን ወደ 400 ሚሊሜትር ቢያቀራርቧቸው አቅሙ ከ48 ወደ 75 ይወጣል። ላሜራ ተወደደ ብሎ ውፍረት ለሚቀንስ አሠሪ ይህ ስሌት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው ይገባል። በ4 ሚሊሜትር ላሜራና በ500 ሚሊሜትር ርቀት የተሠራን ጎን ለጥ አድርጎ ማስረከብ ለየትኛውም በያጅ ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁለቱ ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። ብረቱ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቀው ከያዙት ቅርጹ ይጠበቃል፣ ውጥረቱ ግን ውስጥ ይቀራል። ከለቀቁት ውጥረቱ ይቀልላል፣ ቅርጹ ይሄዳል። ስለዚህ «የትኛው ዘዴ ይሻላል?» ከማለት በፊት «እዚህ መገጣጠሚያ ላይ የምፈራው የትኛውን ነው?» ማለት ይቀድማል።

ውጥረት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም ያየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ስከነክታዲ የተባለችው አዲስ የነዳጅ መርከብ በአሜሪካ ፖርትላንድ ወደብ በፀጥታ ውሃ ላይ ታስራ ሳለች ከመሃል ተሰንጥቃ ተከፈለች። በዚያን ዘመን በችኮላ የተበየዱ ሌሎች መርከቦችም ተሰንጥቀዋል። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ብረቱ በቅዝቃዜ ተሰባሪ ይሆን ነበር፣ የመክፈቻዎች ሹል ማዕዘን ነበረ፣ የብየዳ ጉድለት ነበረ፣ ታምቆ የቀረው ውጥረትም ድርሻውን ጨመረ። ጣና በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደ በረዶነት አይለወጥም፤ ጀልባዎቻችንም ትናንሽ ናቸው። ስለዚህ በድንገት ለሁለት መሰንጠቅ የእኛ ዋና ስጋት አይደለም። የእኛ ስጋት ሞተር በሚርገበገብበት ቦታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስንጥቅ፣ በጥገና የተተካ ላሜራ ማዕዘን ላይ የሚታይ ፍንጥቅና ባልተዘጋ ክፍተት የሚገባ ዝገት ነው። እኔ የምከተለው ክፍፍል ይህ ነው፦ በጎን፣ በወለልና በቤቱ ግድግዳ ላይ ቅርጽን እፈራለሁ፤ በሞተር መቀመጫ፣ በዘንግ መያዣ፣ በመሪና በጥገና ላሜራ ላይ ውጥረትን እፈራለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

እያንዳንዱን ዘዴ በስድስት ጥያቄ እንፈትነዋለን። ቅርጽን ምን ያህል ይጠብቃል? ቀሪ ውጥረትን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ምን መሣሪያና ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? ምን ያህል የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል? ከተሳሳተ መመለስ ይቻላል? ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላስ ለዝገት በር ይከፍታል? ወጪን ሰባተኛ መመዘኛ ያላደረግሁት ከመሣሪያው፣ ከእጁና ከስህተቱ ተደምሮ ስለሚወጣ ነው።

ብየዳውን ማሳነስ

ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የተረሳው ዘዴ ይህ ነው። ፍሬም ከላሜራ ጋር የሚያያዝበት የማዕዘን ብየዳ እግሩ (በእያንዳንዱ ብረት ላይ የሚያርፍበት ስፋት) 4 ሚሊሜትር ሲሆን የሚፈሰው ብረት በመስቀለኛ ስፋት 8 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በያጁ «ይጠንክር» ብሎ እግሩን 6 ቢያደርገው 18 ይሆናል። ጥንካሬው በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱና መኮማተሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ላሜራው ራሱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ የተጨመረው ጥንካሬ የሚጠቅመው ነገር የለም።

እግሩ ያለ አግባብ የሚያድገው ብዙ ጊዜ በበያጁ ጥፋት አይደለም። ፍሬሙ በደንብ ስላልተቆረጠ ከላሜራው ጋር 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይኖራል፤ በያጁ ክፍተቱን ለመሙላት እግሩን ወደ 7 ያደርሰዋል። 7 ሚሊሜትር እግር ማለት 24 ካሬ ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ። ስለዚህ ፍሬም ቆራጩ ላይ አንድ ተጨማሪ ቀን ማዋል ለማቃናት የሚወጣውን ቀናት ያስቀራል። ክፍተት ከ2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ከበለጠ ፍሬሙ ወደ ግራይንደር እንዲመለስ መስማማት ያስፈልጋል።

እያቆራረጡ መበየድም እዚሁ ይመደባል። 75 ሚሊሜትር በይዶ 75 መተው የብየዳውን ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከወለል በላይ ባለው ቤት፣ በጣሪያና በደረቅ ግድግዳ ላይ በጣም እመክረዋለሁ። ከውሃ መስመር በታችና ውሃ በሚጠራቀምበት የሆድ ክፍል ግን አይሆንም፤ ባልተበየደው ክፍተት ውሃ ይቀመጣል፣ ቀለምም አይደርስበትም። የሞተር መቀመጫም ሙሉ ብየዳ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ መጀመሪያና መጨረሻ ለስንጥቅ መነሻ ነውና። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሁለት ላሜራ ከመበየድ አንዱን ማጠፍ፣ ሁለት አጭር ላሜራ ከመቀጠል አንድ ረጅም መግዛት ይሻላል፤ ያልተበየደ መገጣጠሚያ አይጣመምም።

ቅደም ተከተል

መሣሪያ አይጠይቅም፣ ቅርጽንም ውጥረትንም አብሮ ይረዳል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ የተሳለ ዕቅድና ዕቅዱን የሚያስከብር ሰው። ብዙ ወርክሾፕ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ በያጁ እጁ የደረሰበትን ይበይዳል።

መሠረቱ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሲቀዘቅዝ ለማጠር ነጻ ሆኖ እንዲያጥር ማድረግ ነው። ላሜራና ላሜራ መጀመሪያ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ፍሬሙ ከላሜራው ጋር የሚያያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ከላሜራዎቹም መጀመሪያ የአንድ ረድፍ አጫጭር የጫፍ መገጣጠሚያዎች፣ ቀጥሎ ረድፍን ከረድፍ የሚያገናኙት ረጃጅሞቹ። ረጅሙ ከቀደመ አጭሩ ተወጥሮ ይበየዳልና ፍንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንድ የላሜራ መገጣጠሚያ ገና ካልተበየደ በአጠገቡ የሚያልፈው ማጠንከሪያ ከግራና ከቀኝ 300 ሚሊሜትር ያህል ሳይበየድ ይቆያል፤ መገጣጠሚያው ካለቀ በኋላ ይዘጋል።

አቅጣጫው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ከጀልባው ወገብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከታችኛው አከርካሪ ወደ ሁለቱ ጎኖች። ሁለት በያጆች ካሉ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ፣ በተመሳሳይ ኤሌክትሮድና በተመሳሳይ አምፔር አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆነ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛል፤ እንዲህ ያለ ጥምዝ በኋላ በምንም አይመለስም ማለት ይቻላል። በረጅም መስመር ላይ ደግሞ ወደ ኋላ እየተመለሱ መበየድ ይረዳል፤ ሥራው ወደ ቀኝ እየገሰገሰ እያንዳንዱ አጭር ብየዳ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይሳባል። በስስ ላሜራ እያንዳንዱን ከ150 እስከ 200 ሚሊሜትር ባላስረዝም እመርጣለሁ።

ለጣና ዳር አንድ ነገር ልጨምር። በግልጽ ሜዳ ላይ የሚሠራ ጀልባ ፀሐይ የሚመታው ጎኑና ጥላ ያለበት ጎኑ የሙቀት ልዩነት አላቸው። በ12 ሜትር ርዝመት ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዋና ልኬቶችን፣ አከርካሪው ቀጥ ማለቱንና ፍሬሞቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ጎህ ሲቀድ ይለኩ፤ ከሰዓት በኋላ የተለካ ልኬት ብየዳው ያመጣውንና ፀሐይ ያመጣችውን ይቀላቅላል።

ቀድሞ ማዘንበል

ማዕዘን ብየዳ ላሜራውን ወደ ብየዳው በኩል ይስበዋል። ይህን አውቆ ላሜራውን በተቃራኒው ትንሽ አዘንብሎ ማስያዝ ሲቀዘቅዝ ወደ ትክክለኛው ቦታ እንዲመጣ ያደርገዋል። ብረቱ ነጻ ሆኖ ስለሚንቀሳቀስ የሚጠራቀመው ውጥረት አነስተኛ ነው። ችግሩ ግምቱ ላይ ነው፤ በ300 ሚሊሜትር ስፋት ላይ 1 ዲግሪ ማለት 5 ሚሊሜትር ገደማ ነውና ትንሽ ስህተት በዓይን ይታያል። ከዚያው ላሜራ ቁራጭ ወስዶ በዚያው ኤሌክትሮድ፣ በዚያው በያጅ በይዶ መለካት ግድ ነው። ለተደጋጋሚ ክፍሎች፣ ለምሳሌ ለፍሬሞችና ለመቀመጫዎች፣ ጥሩ ነው። ጠመዝማዛ ለሆነው ለጀልባው ፊት አይመችም።

ወጥሮ መያዝ

በባሕር ዳር ወርክሾፖች በብዛት የሚታየው ይህ ነው። አንግል ወይም ወፍራም ላሜራ መገጣጠሚያውን ተሻግሮ ለጊዜው ይበየዳል፣ በሽብልቅ ይጠበቃል፣ ብየዳው ሲያልቅ ይነሣል። ቅርጽን በመጠበቅ ረገድ አስተማማኝ ነው። ዋጋው ግን ውስጥ ነው የሚከፈለው፤ ያልተንቀሳቀሰው ሁሉ ውጥረት ሆኖ ይቀራል፣ ማሰሪያው ሲነሣም ከፊሉ ተስፈንጥሮ ይመለሳል።

ጉዳቱን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። ማሰሪያውን ከመገጣጠሚያው ጋር በ45 ዲግሪ ማስቀመጥ ጎንዮሽ መኮማተሩን ይፈቅድና መታጠፉን ብቻ ይከለክላል። በአንድ ጎኑ ብቻ መበየድ ማንሣቱን ያቀልላል። ብየዳው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ማንሣት የተለፋበትን ያባክናል። በመዶሻ መትቶ መገንጠል ደግሞ ከላሜራው ላይ ሥጋ ይዞ ይነሣል፤ በግራይንደር ተቆርጦ፣ ጠባሳው ለስልሶ፣ ስንጥቅ አለመኖሩ መታየት አለበት።

የተሻለው መልኩ ጀልባውን በሙሉ በጠንካራ የብረት ቅርጽ ላይ ገልብጦ መሥራት ነው። ተመሳሳይ ጀልባ ደጋግሞ ለሚሠራ ወርክሾፕ ወጪው ይመለሳል፤ ለአንድ ጀልባ ብቻ ግን አያዋጣም። ሁለት ተመሳሳይ ውስጠኛ ግድግዳዎችን ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ መበየድ ግን ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉብጠት ያቃናል።

ማሽን መቀየር

በ3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በ110 አምፔርና በ24 ቮልት፣ በደቂቃ 15 ሴንቲሜትር የሚጓዝ በያጅ በየሚሊሜትሩ 1 ኪሎጁል ያህል ኃይል ያፈስሳል። ሲኦቱ ማሽን በ150 አምፔርና በ20 ቮልት፣ በደቂቃ 40 ሴንቲሜትር ሲጓዝ የሚያፈስሰው 0.45 ብቻ ነው። ፍጥነቱ ነው ልዩነቱን ያመጣው። በስስ ላሜራ ላይ ይህ ግልጽ ጥቅም ነው፤ ቅርጽም ውጥረት የተጠራቀመበት ስፋትም አብረው ይቀንሳሉ።

ሆኖም ሐይቁ ዳር ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ ነፋስ፤ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ መከላከያ ጋዙ ተበትኖ ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ከዚህ ያልፋልና በሸራ የተከለለ ቦታ ወይም የጠዋት ሥራ ይጠይቃል። ሁለተኛ ኃይል፤ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ሲኦቱ ከኤሌክትሮድ ይልቅ ይረበሻል። ጄኔሬተር ለመግዛት ካሰቡ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ እንደሆነች አስታውሱ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከተጻፈበት ጉልበት ከአሥር እጁ አንዱን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ያጣል። ሦስተኛ ጋዙና ሽቦው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ሲቋረጡ ሥራ ይቆማል።

ማሽን ሳይቀይሩም የሚገኝ ጥቅም አለ፤ ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ያልበዛ አምፔር፣ ቀጥ ብሎ ያለ ማወዛወዝ የሚሳብ ብየዳ። ለጥገና ላሜራና ለሞተር መቀመጫ ከተለመደው የ6013 ኤሌክትሮድ ይልቅ 7018 የተባለው ይመረጣል፤ ስንጥቅን ይቋቋማል። 7018 ግን እርጥበት ጠላቱ ነው። በክረምት ካርቶኑ ተከፍቶ ያደረ ከሆነ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት በምድጃ መድረቅ አለበት። ትንንሽ ትራንስፎርመር ማሽኖች ላይም እሳቱ በቀላሉ አይነሣም፤ ዲሲ ማሽን ይፈልጋል።

በእሳት ማቃናት

ይህ ከጥፋት በኋላ የሚመጣ ብቸኛው መድኃኒት ስለሆነ ሰው ሁሉ ይተማመንበታል። አሠራሩ ከብየዳው ጋር አንድ ነው፤ ትንሽ ቦታ በፍጥነት ይሞቃል፣ ዙሪያው እንዳይሰፋ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። በዚህ ማጠር የተለጠጠው ላሜራ ይሰበሰባል።

እንደ ጥፋቱ ዓይነት አሞቃቁ ይለያያል። ፍሬሙ ባለበት መስመር ላሜራው ወደ ውስጥ ከታጠፈ ከውጭ በኩል በፍሬሙ ጀርባ ላይ በመስመር ይሞቃል። በፍሬሞች መሃል ያበጠ ከሆነ በእብጠቱ ላይ ሳንቲም በሚያህሉ ነጥቦች ይሞቃል፤ ከጠንካራው ዳር ተጀምሮ ወደ መሃል። የጎበጠ ፍሬም ወይም አንግል ደግሞ በሾጣጣ ቅርጽ ይሞቃል፤ የሦስት ማዕዘኑ ሰፊ ጎን በጉብጠቱ በኩል ይሆናል።

ሙቀቱ ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ነው። ይህ በጥላ ውስጥ ብቻ የሚታይ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ በባሕር ዳር ቀትር ፀሐይ አይታይም። በዓይን የሚገምት ሰው ስለዚህ ሳያውቀው ያልፈዋል። በተወሰነ ሙቀት ላይ የሚቀልጥ የሙቀት ጠመኔ ርካሽ ነው፣ ይገዛ። በውሃ የሚያቀዘቅዙ ከሆነ ብረቱ ከ650 በታች መሆን አለበት። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ጊዜ በመዶሻ መምታት ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። አንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ አይሞቅም፤ ካልበቃ አጠገቡ ሌላ ነጥብ ይመረጣል። የአስቴሊን እሳት ጠባብና ፈጣን ስለሆነ ከቡታጋዝ ይሻላል፤ የቡታጋዝ እሳት ዝግተኛ ነውና ዙሪያውን አብሮ ያሞቃል።

ገደቡ ምንድን ነው? እያንዳንዱ የሞቀ ነጥብ አዲስ ቀሪ ውጥረት ነው። ቅርጹ ሲስተካከል ውጥረቱ ይጨምራል። ከልክ በላይ የሞቀ ላሜራ ከመቃናት አልፎ ወዲያና ወዲህ እየተፈናጠረ የሚጮህ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቆርጦ መተካት ብቻ ነው የሚቀረው። ከነዳጅ ጋን አጠገብ፣ ውስጡ ቀለም ወይም ስፖንጅ ባለበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። በአልሙኒየም ጀልባ ላይም በዚሁ መንገድ አይሠራም፤ አልሙኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ይሰፋል፣ ሲሞቅም ጥንካሬውን ያጣል።

ውጥረትን ማስለቀቅ

ክፍሉን በምድጃ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ አሙቆ፣ በየ25 ሚሊሜትር ውፍረት 1 ሰዓት አቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ትክክለኛው መንገድ ነው። ሙሉ ጀልባ ግን ምድጃ አይገባም፤ ስስ ላሜራም በራሱ ክብደት ይጣመማል። ለወፍራም የመሪ ዘንግ ወይም ለዘንግ መያዣ ብቻ ይታሰብ፤ ከሌላው አካል ሳይበየድ በፊት። በብዙ ድርብ የሚሞላ ወፍራም ብየዳን በየመሃሉ በመዶሻ መቀጥቀጥም ይረዳል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድርብ ግን አይነካም። በንዝረት ውጥረት ይለቃል የሚሉ ማሽኖች ይሸጣሉ፤ ውጤታቸው እንደ ምድጃው የተረጋገጠ ስላልሆነ ገንዘብ እንዲወጣባቸው አልመክርም።

ባንድ እይታ

| ዘዴ | ቅርጽ | ቀሪ ውጥረት | የሚፈልገው | ወጪ | ከተሳሳተ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብየዳን ማሳነስ | በጣም ይረዳል | ይቀንሳል | ጥሩ ቆራጭ፣ የእግር መለኪያ | ይቆጥባል | መጨመር ይቻላል |
| ቅደም ተከተል | በጣም ይረዳል | ይቀንሳል | ዕቅድና ተቆጣጣሪ | ጊዜ ብቻ | ጥምዝ ከሆነ አይመለስም |
| ቀድሞ ማዘንበል | ለማዕዘን ብየዳ ጥሩ | አይጨምርም | የሙከራ ቁራጭ | አነስተኛ | በእሳት ይስተካከላል |
| ወጥሮ መያዝ | አስተማማኝ | ይጨምራል | አንግል፣ ሽብልቅ፣ ግራይንደር | መካከለኛ | ስንጥቅና ጠባሳ |
| ሲኦቱ ማሽን | ለስስ ላሜራ ጥሩ | በመጠኑ ይቀንሳል | የረጋ ኃይል፣ ከነፋስ መከለያ | ከፍተኛ | ቀዳዳ ያለው ብየዳ፣ ተፍቆ ይደገማል |
| በእሳት ማቃናት | ከጥፋት በኋላ ይመልሳል | ይጨምራል | ጋዝ፣ ጠመኔ፣ የለመደ እጅ | መካከለኛና ተደጋጋሚ | ላሜራ መተካት |
| ምድጃ | አይረዳም፣ ሊያጣምም ይችላል | በእጅጉ ይቀንሳል | ትልቅ ምድጃ | ከፍተኛ | ክፍሉ ይበላሻል |

ለማን የትኛው?

በአንድ የኤሌክትሮድ ማሽን የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ገንዘቡን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ላይ ያውል። ጥሩ የመቁረጫ ዲስክ፣ የብየዳ እግር መለኪያና በወረቀት የተሳለ ቅደም ተከተል ከማንኛውም ማሽን ይበልጥ ይክሱታል። ማሰሪያ የሚጠቀመው የጫፍ መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ይሁን። የእሳት ማቃናትን በዋጋው ውስጥ እንደ ቋሚ ሥራ አስቦ ከጀመረ ከመነሻው ተሸንፏል።

በዓመት በርካታ ጀልባ የሚያወጣና መጋዘን ያለው ድርጅት ሲኦቱ ማሽንና ቋሚ የመሥሪያ ቅርጽ ቢያስገባ ይጠቀማል፤ የትኛው ይቅደም ከተባለ እኔ ቅርጹን አስቀድማለሁ። ቅርጽ መብራት አይጠይቅም።

ጥገና ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይለያል። የዛገ ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ሲገባ ዙሪያው በሙሉ የተያዘ ስለሆነ ከሁሉ የከፋው ውጥረት እዚህ ነው የሚፈጠረው። ቀዳዳው ማዕዘኑ ክብ ይሁን፣ ክበቡም ቢያንስ 100 ሚሊሜትር ራዲየስ ይኑረው። በአጠገቡ የሚያልፉት ፍሬሞች ከላሜራው ጋር የተያያዙበት ብየዳ ከቀዳዳው ዳር አለፍ ብሎ ይፈታና መጨረሻ ላይ ይዘጋ። አዲሱ ላሜራ በመጠኑ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ቢገባ ሲያጥር የሚሰጠው ትርፍ ይኖረዋል። ብየዳው ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቀ፣ በደረቀ 7018፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሂድ። ይህን ሥራ በማሰሪያ አጥብቆ መያዝ ሊሰነጠቅ የቀረበን ላሜራ መግፋት ነው።

ከመነኮሳት እስከ ቱሪስት ሰው የሚያጓጉዝ ጀልባ ለሚያሠራ ባለቤት ደግሞ የሚጠቅመው ውሉ ላይ የሚጻፈው ነው። አይ.ኤ.ሲ.ኤስ የተባለው የመርከብ ደረጃ መዳቢዎች ማኅበር በቁጥር 47 ምክረ ሐሳቡ ለመርከብ ጎን በሁለት ፍሬም መሃል የሚፈቅደው ስርጉደት 4 ሚሊሜትር ሲሆን የመጨረሻው ወሰን 8 ነው። ቁጥሮቹ ለትልልቅ መርከቦች የወጡ ናቸው፤ ፍሬሞቹ ለተቀራረቡበት ትንሽ ጀልባ 4ቱን እንደ ወሰን መያዝ ይቻላል። በውሉ ላይ ይህ ቁጥር፣ ልኬቱ በጠዋት እንደሚወሰድ፣ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ቅደም ተከተሉ በወረቀት እንደሚቀርብ፣ ከውሃ መስመር በታች በእሳት የሚቃና ላሜራ ካለ ባለቤቱ አስቀድሞ እንደሚነገረው ይጻፍ። የመጀመሪያው ክፍያ የሚለቀቀውም ፍሬሞቹ ቆመው፣ ክፍተታቸው በባለቤቱ ፊት ተለክቶ፣ ከ2 ሚሊሜትር እንደማይበልጥ ሲረጋገጥ ይሁን።